ቤት ያጣ ሰው ጎረቤት እንዳያጣ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ ጡረተኛ አባል የተሰጠ ንግግር፤ ጉለሌ፣ 2018 ዓ.ም.)





ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።

ኮሚቴው በዛሬው ስብሰባ ላይ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኑሮ ውድነት ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ «እኔ ማን ነኝ?» ብዬ ነበር። ምሁር አይደለሁም፤ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ፋይል ስመልስ ነው። ሆኖም መዝገብ ያዥ የሆነ ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ ይኸውም ወሬ ሌላ፣ ወረቀት ሌላ መሆኑን ነው። ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ በወረቀት ላይ ያለውንና በሠፈራችን በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «የቀብር ዕድርን ከቤት ኪራይ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ያገኘሁት ከራሳችን መዝገብ ነው። ከጸሐፊያችን ጋር ሆነን መዝገቡን ስናገላብጥ፣ የሞት መመዝገቢያው ገጽ ገና ሳይሞላ የአድራሻ ለውጥ የሚጻፍበት ገጽ ሞልቶ አገኘነው። እንግዲህ ሰው ከእኛ የሚለየው በሞት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ኪራይ ይጨመርበታል፤ መክፈል ያቅተዋል፤ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ይሄዳል። አንድ ሁለት ወር መዋጮውን ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ይጠፋል። በደንባችን መሠረት ደግሞ በተከታታይ ያልከፈለ አባል ይሰረዛል። ታዲያ ይህ ሰው ሐዘን በደረሰበት ቀን ማን አብሮት ይቆማል? በአዲሱ ሠፈሩ ገና ሰው አላወቀ፤ በአሮጌው ሠፈሩ ስሙ ተሰርዟል። የቤት ጉዳይ የዕድር ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዱሮ ቤታችን

የጉለሌ ሰው ቤት የሚሠራው በምን እንደነበረ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። አጣናው ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃው ከዚያው ከግቢው፣ ጭዱ ከገበያ ነበር። ማገሩን ጎረቤት ያስራል፤ ጭቃውን ጎረቤት ይረግጣል፤ ግድግዳውን ጎረቤት ይመርጋል። ባለቤቱ ጠላና ንፍሮ ያቀርባል። ብዙ ገንዘብ የሚወጣው ለቆርቆሮውና ለሚስማሩ ነበር። ቤቱ ሲያልቅ ጎረቤቱ «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ ይገባል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይቀበላል።

ልጅ ሲያገባ ደግሞ «ጎጆ ወጣ» እንላለን። አስተውሉ፤ በቋንቋችን ማግባትና ቤት መያዝ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ግን ጎጆ መውጣት የፈለገ ጎረምሳ መጀመሪያ ሽማግሌ የሚልከው ወደ ልጅቷ ወላጆች ሳይሆን ወደ ደላላው ሆኗል። ይህን የምለው ለማሳቅ ብቻ አይደለም። ሠላሳ ዓመት አልፏቸው፣ ሥራ ይዘው፣ ደመወዝ እየበሉ፣ በእናታቸው ቤት መጋረጃ ጋርደው የሚኖሩ ልጆች በየግቢያችን አሉ። ስንፍና አይደለም፤ ሒሳቡ አልሞላ ብሏቸው ነው።

ዱሮ ሁሉ ነገር የተመቸ ነበር ማለቴም አይደለም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የከተማው ቦታ በአብዛኛው የጥቂት ባለ ርስቶች ስለነበር፣ ድኻው የሚኖረው ተከራይቶ ወይም በሰው ቦታ ላይ ጎጆ ቀልሶ ነበር። ባለ ቦታው ተነሣ ካለ ይነሣል። ስለዚህ የቤት ችግር ትናንት የተወለደ አይደለም፤ መልኩን እየለወጠ አብሮን የኖረ ነው።

አዋጆቹ ምን አመጡ?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። እኔ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ራዲዮ ካለው ሰው ደጃፍ ሰዉ ተሰብስቦ ሲያዳምጥ አስታውሳለሁ። በዚያ አዋጅ አንድ ቤተ ሰብ ለመኖሪያው አንድ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ብቻ እንዲይዝ ተደረገ፤ ትርፍ የተባለው ተወረሰ። እስከ 300 ብር ይከራዩ በነበሩት ቤቶች ላይ ከ15 እስከ 50 በመቶ የኪራይ ቅናሽ ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ።

ያን ጊዜ ብዙ ተከራይ እፎይ ብሏል፤ ይህ የማይካድ ነው። እስከ ዛሬም በቀበሌ ቤት ተጠልሎ ልጆች ያሳደገ ስንት ሰው አለ። ነገር ግን ሌላው ወገኑም መነገር አለበት። በጥቂት ብር ኪራይ ጣራ አይከደንም፤ ስለዚህ ቤቶቹ ጠጋኝ አጡ። ለኪራይ የሚሆን አዲስ ቤት የሚሠራ ግለሰብም አልነበረም፤ ማከራየት ተከልክሎ ነበርና። ሕዝቡ ሲበዛ ቤቱ ባለበት ቆመ። ኪራይ ማርከስና ቤት ማብዛት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ብቻውን ሲሠራ ቤት ያለው ይጠቀማል፤ ገና የሚመጣው ልጅ ግን መግቢያ ያጣል።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ መሬቱ ግን የመንግሥት እንደሆነ ቆየ። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 ተሻሽሎ ጠበቀ። ቦታ በጨረታ መሸጥ ጀመረ። ጨረታ ማለት ብዙ ያለው የሚያሸንፍበት ነው፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እዚያ ገብተው ምን ሊሉ ይችላሉ? ስለዚህ አንዳንዱ ድኻ በሌሊት ጨረቃ ቤት ሠራ፤ አንዳንዱም በሌላ ሰው ግቢ ደባልና ተከራይ ሆኖ ቀረ።

በ1997 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲጀመር በአዲስ አበባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. እንደገና 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚል ምዝገባ ተደረገ። የፊተኛው ቁጥር ተመዝጋቢው ከቤቱ ዋጋ ከመቶ ስንቱን አስቀድሞ እንደሚከፍል ያመለክታል፤ ቀሪው በባንክ ብድር የሚከፈል ነው። ከሠፈራችንም ብዙ ሰው በንግድ ባንክ ደብተር አወጣ። በ20/80 ለባለ አንድ መኝታ ቤት በወር 274 ብር ይቆጠብ ነበር። ከልጆቻቸው ጉሮሮ ነጥቀው የቆጠቡ እናቶችን አውቃለሁ።

ቤቱ የደረሳቸው አሉ፤ ዕልልታቸውን ሰምተን አብረን ተደስተናል። ያልደረሳቸው ግን ይበዛሉ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,791 ቤቶች የወጣው ዕጣ በመረጃው ላይ ችግር ስለተገኘ ተሰርዞ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና መውጣቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ እስከ ዛሬ የሚጠብቅ ሰው አሥራ ሦስት ዓመት ሞላው። ያኔ የተወለደ ልጁ ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ነው።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ብሩም እንደ ነበረ አልቆየም። በ2005 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካን ዶላር ከ18 ብር ብዙ አይርቅም ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በባንክ ወደ 57 ብር ደርሶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ከ100 ብር በላይ ሆነ። «እኛ ዶላር አንይዝም፤ ምን አገባን?» የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን እንጂ ቆርቆሮው የሚሠራበት ብረት፣ የመብራት ሽቦው፣ የቧንቧው ዕቃ፣ ሲሚንቶ የሚያመላልሰው መኪና ነዳጅ፣ ይህ ሁሉ በዶላር የሚገባ ነው። ስለዚህ ቤት የሚሠራውም፣ ቤት የሚጠግነውም፣ ቤት የሚከራየውም ያንን ዋጋ ይከፍላል።

የተከራዩ ሒሳብ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ በዲግሪ ሥራ ለሚጀምር ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ሆኗል። ጭማሪው መልካም ነው፤ የሰጠ እጅ ይባረክ። አሁን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ 6,000 ብር ይከፈለዋል እንበል። ለምሳሌ ያህል አንዲት የጭቃ ክፍል በ4,000 ብር ተከራየ እንበል። ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥበት እንኳ የሚቀረው 2,000 ብር ነው። ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን 66 ብር ከምናምን ይደርሰዋል። በዚህ ገንዘብ እርሱ፣ ሚስቱና ልጆቹ ይብሉ፤ ታክሲ ይሳፈሩ፤ ደብተር ይግዙ፤ ይታከሙ። የዕድር መዋጮም ከዚሁ ይወጣል። እንግዲህ መዋጮ ያቋረጠውን ሰው «ቸልተኛ ነው» ከማለታችን በፊት ይህን ሒሳብ እናስታውስለት።

ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ለእነርሱ ቤት ማለት መኝታ ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታም ነው። የሸማኔው ዕቃ ሲተከል እግር የሚገባበት ጉድጓድ በወለሉ ላይ መቆፈር አለበት። «በተከራየኸው ቤት ጉድጓድ አትቆፍርም» ከተባለ እንጀራው ተዘጋ። በቀጨኔም ሸክላ የምትሠራ እናት ጭቃ የምታቦካበት፣ ሸክላውን የምታደርቅበትና የምትተኩስበት ደጅ ያስፈልጋታል። እነዚህ ሰዎች ኪራይ ረከሰልን ብለው ወደ ከተማው ዳር ቢሄዱ ገበያቸው እዚሁ ሽሮ ሜዳና አዲሱ ገበያ ነው የቀረው። ኪራይ ላይ ያተረፉትን ታክሲ ይበላዋል።

የአከራዩ ሒሳብ

አከራዩንም መስማት ያስፈልጋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አከራይም ተከራይም ጎን ለጎን ተቀምጠናል። እኔ ራሴ በግቢዬ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለችኝ፤ አከራያለሁ። በዚህ ሠፈር ብዙው አከራይ ሀብታም አይደለም፤ ባሏ የሞተባት እናት ወይም እንደኔ ያለ ጡረተኛ ነው። የጡረታ አበል ለጤፍና ለዘይት አይበቃም፤ ጣራው ሲያፈስ ቆርቆሮ መግዛት አለበት፤ የመብራትና የውሃው ሒሳብ ጨምሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ስለዚህ አከራይ ሁሉ ጨካኝ ነው የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም።

ይሁን እንጂ እኛ አከራዮች አንድ ነገር ማሰብ አለብን። ጤፍ ተወደደ ብዬ ኪራይ ጨመርኩ እንበል። ተከራዬ እንጀራ ሻጭ ናት እንበል። እርሷም ኪራይ ተጨመረብኝ ብላ በእንጀራው ላይ ትጨምራለች። ያንን እንጀራ መልሼ የምገዛው ማን ነው? እኔ ነኝ። ስለዚህ ከቀኝ ኪሴ ያስገባሁት በግራ ኪሴ ይወጣል።

ሌላም ሒሳብ አለ። በወር 4,000 ብር በምትከራይ ክፍል ላይ 500 ብር ብጨምር በዓመት 6,000 ብር አገኛለሁ። ነገር ግን ተከራዩ አልቻልኩም ብሎ ቢወጣና ክፍሏ አንድ ወር ባዶዋን ብትቀመጥ 4,000 ብር ሄደ ማለት ነው። የደላላው፣ የቀለሙና የቁልፉ ሲጨመርበት ቀሪው ሁለት ሺህም አለቀ። ከዚህ በላይ ደግሞ የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። በሌሊት ብታመም በሬን አንኳኩቶ ሆስፒታል የሚወስደኝን፣ ግቢዬን የሚጠብቅልኝን ተከራይ በ500 ብር ለወጥኩት ማለት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ተከራይንም ይጨምራል።

ወረቀቱ ምን ይላል?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጽድቋል። ብዙ ሰው ስለ አዋጁ ሰምቷል፤ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። ዋና ዋናውን በአጭሩ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥም ለሚመለከተው አካል ቀርቦ መመዝገብ አለበት። ሁለተኛ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ሦስተኛ፣ አከራይ በቅድሚያ መቀበል የሚችለው ከሁለት ወር ኪራይ ያልበለጠ ነው። አራተኛ፣ ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባስታወቀው ልክ ነው። አምስተኛ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆን አለበት።

በሠፈራችን ግን ብዙው ኪራይ አሁንም በቃል ነው። አከራዩ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል፤ ተከራዩ «ውል እንጻፍ» ካልኩ ያስወጣኛል ብሎ ይፈራል። ሁለቱም ፈርተው ዝም ይላሉ፤ ጠብ የመጣ ቀን ግን ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም። በሥራ ዘመኔ ያየሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ፋይል የሌለው ሰው እውነት ይዞም ይረታል። ውል የጠላትነት ምልክት አይደለም። እንዲያውም ሁለት ሰዎች ሳይጣሉ እንዲኖሩ የሚያደርግ ነው።

በውሉ ላይ ከኪራዩ ሌላ መጻፍ ያለባቸው ትንንሽ ነገሮች አሉ። የመብራትና የውሃው ቆጣሪ አንድ ከሆነ ክፍያው በምን ስሌት ይካፈላል? ጣራ ቢያፈስ ማን ይጠግናል? ሽንት ቤቱን ማን ያስመጥጣል? ሸማኔ ከሆነ ዕቃውን መትከል ይችላል ወይ? ከሁሉ ይልቅ ደግሞ፣ ሐዘን ቢደርስበት በግቢው ውስጥ ድንኳን መትከል ይፈቀድለታል ወይ?

ይህን የመጨረሻውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ክረምት አንዲት ተከራይ እኅታችን እናቷ ዐረፉባት። የዕድሩ ወጣቶች ድንኳኑን ተሸክመው ሲደርሱ የግቢው ባለቤት «እዚህ አይተከልም» አሉ። የነበረው አማራጭ ከመንገዱ ዳር መትከል ነበር። ጎርፉ በድንኳኑ ሥር ሲያልፍ፣ ለቀስተኛው እግሩን ሰቅሎ ተቀምጦ ሦስት ቀን አለፈ። እኅታችን ከሐዘኗ ይልቅ ሰውን ዝናብ ላይ ማስቀመጧ ሲያሳፍራት አየሁ። ማፈር የነበረባት እርሷ አልነበረችም። ሰው ወልዶ፣ ከብዶ፣ ሠርቶ በኖረበት ሠፈር ወላጁን አልቅሶ የሚሸኝበት ቦታ ማጣት የለበትም።

የሌላ አገር ልምድ

ሲንጋፖር የምትባል ትንሽ አገር አለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የቤት ልማት መሥሪያ ቤት አቋቋመች፤ ያኔ ሕዝቧ በተጨናነቁ ጎጆዎች ይኖር ነበር። ዛሬ ከአሥሩ ነዋሪዎቿ ወደ ስምንቱ የሚሆኑት መንግሥት ባሠራቸው ቤቶች ይኖራሉ። መሬቱ በአብዛኛው የመንግሥት ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ በግዴታ ከሚቆጥበው ላይ የቤቱን ዋጋ ይከፍላል። የእነርሱ አገር ከእኛ ጋር አይነጻጸርም፤ ሀብቱም ሌላ ነው። ነገር ግን ከእነርሱ የምንማረው የቤት ችግር በአንድ ዓመት ዘመቻ ሳይሆን ዓመት ዓመትን ሳያቋርጥ በሚሠራ ሥራ እንደሚቃለል ነው። ይህ የመንግሥት ድርሻ ነው፤ ዕድራችን ኮንዶሚኒየም ሊሠራ አይችልም። ዕድራችን ሊሠራ የሚችለው ሌላ ነገር ነው፤ ወደዚያ ልለፍ።

ዕድራችን ምን ያድርግ?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በካዛንቺስ የነበሩ ብዙ ነዋሪዎች በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። አዲስ ቤት ያገኙ እንኳ የሚያነሡት አንዱ ነገር የዕድራቸው መበተን ነው። እኛ ደግሞ ሳንፈርስ በኪራይ ምክንያት በጥቂት በጥቂቱ እየተበተንን ነው። ስለዚህ ለጠቅላላ ስብሰባው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ በቤት ችግር ምክንያት ከሠፈር የለቀቀ አባል መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ አይሰረዝ። መዋጮውን በባንክ ወይም በቴሌብር ይላክ። ሟቹ እዚህ በጴጥሮስ ወጳውሎስ የሚቀበር ከሆነ ሙሉ አገልግሎት ይሰጠው። ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶን በመሳሰለው ሩቅ ቦታ ከሆነ ደግሞ ድንኳን ከማመላለስ ይልቅ የተወሰነው ገንዘብ ወዲያው ይሰጠው፤ ከዕድሩም ተወካዮች ሄደው ያጽናኑት።

«ዕድር የሠፈር ነው፤ ሠፈር የለቀቀ ዕድር ይለቃል» የሚሉ አባቶች አሉ። አከብራቸዋለሁ። ዕድር ሲመሠረት ጥሩምባ በሚሰማበት ርቀት ነበር፤ እውነት ነው። ዛሬ ግን ጥሩምባውን ስልክ ተክቶታል። ገንዘብ ያዣችንም «ወጪ ይበዛል» ብለዋል፤ ይህም መታየት ያለበት ነው። ነገር ግን ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ለመቶ አባልም ለሁለት መቶ አባልም ያው ናቸው። አባል በቀነሰ ቁጥር ያው ወጪ በቀሩት ላይ ይከፋፈላል። ስለዚህ የሄደውን መያዝ ለሄደው ብቻ ሳይሆን ለቀረውም ይጠቅማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ድሩ ሳይበጣጠስ ሲቀር ነው።

ሁለተኛው፣ የመግቢያ ክፍያው ነገር ነው። አዲስ አባል የዕድሩን ንብረት ድርሻ አንድ ላይ ክፈል ሲባል ለባለ ቤቱ አይከብደው ይሆናል፤ ለተከራይ ግን የአንድ ወር እንጀራው ነው። ስለዚህ ብዙ ተከራይ ዓመታት በሠፈራችን ኖሮ፣ ለቅሷችን ላይ ወንበር ተሸክሞ፣ እርሱ ግን ዕድር የለውም። ክፍያው በዓመት ውስጥ በየወሩ እየተከፋፈለ እንዲከፈል ቢፈቀድ ዕድሩ አይጎዳም፤ አባሉ ይበዛለታል።

ሦስተኛው፣ የዕድሩ ቤትና ግቢው በግቢያቸው ድንኳን መትከል ለማይችሉ ተከራይ አባላት ለሐዘን ሦስት ቀን ያለ ክፍያ ይሰጥ። አሁን ግቢው ወንበር ከማስቀመጥ በስተቀር ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ከዚሁ ጋር፣ የኪራይ ውል መጻፍ ለሚቸግራቸው አከራዮችና ተከራዮች እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በዕድሩ ቤት ተቀምጬ አዋጁን ላነብላቸው፣ ውላቸውንም በንጹሕ ወረቀት ልጽፍላቸው ፈቃደኛ ነኝ። እጄ ገና አልተንቀጠቀጠም፤ ጽሕፈቴም ይነበባል። ክፍያ አልጠይቅም። ሁለቱ አብረው ይምጡ፤ ለአንዱ ወገን ብቻ ግን አልጽፍም።

በመጨረሻም

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የቤትን ዋጋ እኛ አንወስንም። ሲሚንቶውን፣ ዶላሩን፣ ሊዙን የምናዝዘው እኛ አይደለንም። በእኛ እጅ ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ቤት ያጣ ሰው ጎረቤትም እንዳያጣ ማድረግ ነው። ዕድር የተቋቋመው ሰው ብቻውን እንዳይቀበር ነው። ብቻውን እንዳይኖርም ቢጨመርበት የአባቶቻችንን ደንብ ማስፋት እንጂ ማፍረስ አይሆንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሦስቱን ሐሳቦች ዳኛው ለውይይት እንዲያቀርቡልኝ፣ ከውይይቱም በኋላ በድምፅ እንዲወሰን በትሕትና እጠይቃለሁ። የተቃወመም የደገፈም በመዝገቡ ላይ ይጻፍልን፤ የሚመጣው ዓመት ስንገናኝ ከወረቀቱ ላይ አንብበን ምን እንደሠራን እናያለን።

ቤት ያላችሁ ቤታችሁ ይባረክ፤ ቤት የምትጠብቁ ጎጆ ወጥታችሁ «ቤት ለእንቦሳ» ብለን ለመግባት ያብቃን።